ማዳመጫ

ለሮኬት በተሠራች ጠባብ ክፍላችን ውስጥ
የብረት መስኮቷን ዘግቼ ስቀመጥ
ዓፉላ ትጠፋለች፤ የአውቶቡሱ ጩኸት፣
የሱፍ ፍሬ የሚፈለፍሉት ጎረምሶች ሳቅ፣ የታችኛው ቤት
ማጠቢያ ማሽን ጭምር።

ጆሮዬን ከደንኩት በወንድሜ ማዳመጫ
(ባንድ በኩል የላላ፣ የቤት ጫጫታ ማምለጫ)፤
ፈተናው ነገ አይደለም፣ አሥራ ሦስት ቀን ቀርቶታል፣
«እንግሊዝኛሽን አሳይን፣ ነርስነቱ ከዚያ ይታያል»
ብሎኛል ኮሌጁ።

ድምፁ ሁለቴ ብቻ ነው፤ ሦስተኛ የለውም።
ሴትዮዋ አትጣደፍም፣ ግን ማንንም አትጠብቅም።
ስለ ቤተ መጻሕፍት፣ ስለ ዘገየ መጽሐፍ፣ ስለ ቅጣት ታወራለች፣
አንዱን ቃል ውጣ፣ የሌላውን ጫፉን ብቻ ታቀብለኛለች።
«ከንግግሯ ምን እንረዳለን?» ይላል ወረቀቱ።
አራት ምርጫ።
በሁለተኛውና በሦስተኛው መሃል እርሳሴ ተንጠለጠለ።

ንባቡ ይሻለኛል።
ጎንደርን ስንለቅ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ፊደል ጨርሼ፣
ከግራ ወደ ቀኝ ከመምህሩ እንጨት ኋላ ጣቴን አስከትዬ።
እዚህ ዓይኔን አዞሩት። ከቀኝ ወደ ግራ
ሃያ ዓመት ሄድኩበት፤ የኪራይ ውል፣ የደሞዝ ወረቀት፣ ማስጠንቀቂያ፣ ተራ በተራ።
አሁን እንግሊዝኛው ሲመጣ ዓይኔ መንገድ አልጠየቀም፣
የድሮ ሰፈሩን እንዳገኘ ሰው በግራው በር ገባ፣ አልተደናገጠም።
ቤተኞቹን አያውቃቸውም እንጂ ደጃፉን ያውቀዋል።

ናስሪን፣ ከእክሳል የምትመጣው፣
«የኔ ሁለቱም ቋንቋዎች ከቀኝ ናቸው» ትላለች፤
እውነትም ግራ ገብቷታል።
እሑድ እሑድ ባቡር ጣቢያው ወንበር ላይ አንድ ገጽ ለሁለት እንካፈላለን፤
እሷ «ፐ»ን «በ» ታደርገዋለች፣
እኔ «እስኩል» እላለሁ፣
ሳያንኳኩ መግባት ነውር ይመስል።

ማዳመጥማ፣ ከአሥር ዓመቴ ጀምሮ ስፈተን ኖሬያለሁ።
በክሊኒክ፣ በባንክ፣ በወላጆች ስብሰባ
በሁለት ትልልቅ ሰዎች መሃል ቆሜ።
ያኔ ድምፁ አንዴ ብቻ ነበር፤ ድገሙልኝ ማለት ያሳፍር ነበር።

ሐኪሙ ማዳመጫውን ካባቴ ደረት አነሣ፣
ለኔ ተናገረ፣ ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ አንድም ቃል ሳይረሳ።
ልብ። ድካም። ዓመት፣ ምናልባት። ሁሉም ገባኝ፣
አንድም ያመለጠኝ ቃል አልነበረም፤ ምነው ባመለጠኝ።
አባቴ አለልኝ ሸሚዙን እየቆለፈ፣
አንዱን ቁልፍ እየዘለለ፣
«ምን አለ?» አለ።

«ጨው ቀንስ ነው የሚለው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወጡን አልጫ አስደርጎ በላ፤
አንድ ዓመት አለፈ፣ ሁለት፣ የሦስተኛው እኩሌታ።
አንድ ማታ፣ ያለ ምንም ምክንያት፣ የአውቶቡስ ካርዱን ሲፈልግ፣
«ሰውዬው ያን ጊዜ ረጅም ተናገረ» አለኝ፣
«አንቺ አሳጠርሽው።
የቀረውን እኔ ሰምቼዋለሁ።»

በየትኛው ቋንቋ? አልጠየቅኩትም።
ዕብራይስጡ ከሰላምታ አያልፍም ነበር።
ዓይኔን ነው ያነበበው፣ ወይም ጉሮሮዬን፣
ወይም «ጨው» ከማለቴ በፊት የወሰድኩትን ትንፋሽ።

ሁለተኛው ዙር ተጀመረ።
ሴትዮዋ ስለ መጽሐፉ ከመናገሯ በፊት
እሷም ትንሽ ትተነፍሳለች፤ ቅድም አልሰማኋትም።
መጽሐፉን የመለሰችው ሌላ ሰው ናት፣ የተዋሰው አይደለም።
የተዋሰውስ? አልተባለም፤
ከአራቱ ምርጫም ውስጥ የለም።
ሦስተኛውን አጠቆርኩ።

እናቴ በሩን ገፋ አድርጋ፣ ፎጣ በትከሻዋ፣
«ምን ትላለች ሴትዮዋ?» አለች።

«መጽሐፍ ዘግይቷል ነው የምትለው።»

በሩን ሳትዘጋ ቆመች።
«ይኸው ነው?»